የነበልባሉ ነጭ

ሰኞ ፬

ዛሬ ጠዋት አንድ አሮጌ አውቶቡስ በግቢያችን በር ለመግባት ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው ተሳካለት። ሹፌሩ ወርዶ የበሩን ምሰሶ በመዳፉ ዳሰሰና "አልነካሁትም፣ ይቅርታ" አለ። ሳያጠፋ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ የራሱን የያዘው ገና አሁን ነው። ረዳቱ ሚስቱ ናት። በር ላይ ቆማ ተሳፋሪ የምትጠራው እሷ ስለሆነች ድምፅዋ ከሰውነቷ ይበልጣል።

የፈለገው ከፊት ጎማ ተነሥቶ በሁለቱም ጎን እስከ ኋላ የሚዘረጋ ነበልባል ነው።

"እሳት ሰው የሚሸሸው ነገር ነው፤ አንተ ልታሳፍርበት ነው?" አልኩት።

"ከሩቅ እንድትታወቅ ነው እማማ። ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ 'ያቻት መጣች' እንዲል።"

ሚስቱ ጣልቃ ገባች። "ይተዉት እማማ። ልጅ ሳለ መጫወቻ የገዛለት የለም፤ አሁን ነው የሚጫወተው።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ። የመስመር ተራቸው የሚጀምረው በሚመጣው ወር መጀመሪያ ነው። በዚያን ቀን አውቶቡሷ በቦታዋ ካልተገኘች ተራው ለሌላ ይሰጣል። ይህንን ሲነግረን ብቻ አልቀለደም።

ይህን ደብተር የያዝኩት ለሥራው ነው። ትልቅ ሥራ ሲገባ የታሰበውንና የተቀመመውን መጻፍ ከፋብሪካ የቀረ ልማዴ ነው። የደብተሩ መስመሮች ግን ከወረቀቱ ጋር ተቀላቅለዋል። ማተሚያ ቤቶችም ቀለም መቆጠብ ጀምረዋል ማለት ነው።

ረቡዕ ፮

አሠራራችንን አንዴ ልጻፈው፤ ጭቅጭቅ ቢነሣ የማን ሥራ ምን እንደሆነ የታወቀ ይሁን። የልጄ ባል፣ ሰፈሩ "መዶሻ" የሚለው፣ የተጎዳውን ላሜራ ያቃናል። ልጄ ትቀባለች። እኔ ቀለሙን እመርጣለሁ፣ እቀምማለሁ።

ዕድሜዬን የሠራሁት ቀለም ፋብሪካ ውስጥ፣ በቅመማ ክፍል ነው። ያሠለጠነችን አለቃ ሳቅ የማታውቅ ሴት ነበረች። በአምፖል ብርሃን ቀለም የመረጠ ከክፍሉ ይወጣል። እርጥብ ቀለም አይታመንም፤ ይደርቃል፣ ከዚያ በመስኮት ብርሃን ይታያል። የተስማማበት ሰው በናሙናው ጀርባ ይፈርማል። ከፊርማው በኋላ ጣሳው ውስጥ አንዲት ጠብታ የጨመረ፣ ቀለሙን ቢያሳምረው እንኳ፣ ይባረራል። በዚህ ቤትም ያለው ሕግ ይኸው ነው። መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር የእኔ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም።

ዛሬ ሙሉ ቀን የምድጃውን እሳት ሳይ ዋልኩ። ሰው እሳት ቀይ ይመስለዋል። ቀይ የሚሆነው ጫፉ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ብርቱካን፣ ቀጥሎ የእንቁላል አስኳል፣ ቀጥሎ የበሰለ ሎሚ፣ ከሥሩ ደግሞ ነጭ ነው። ትኩሳቱ ያለው ከሥሩ ነው። ስለዚህ ነበልባል የሚድነውም የሚሞተውም በነጩ ነው።

ድስቱ አረረ። ልጄ ክዳኑን አንሥታ "እማዬ፣ ይሄ ጥናትሽ እራታችንን በላው" አለች።

ሐሙስ ፯

ነጩ ቀለም መጣ። ቢጫ ነው። መልሱት አልኩ።

ቅዳሜ ፱

ሌላ ነጭ፣ ከሌላ ሱቅ። ይሄም ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ ነው የሚመስለው። ለነጋዴው ራሴ ደወልኩ።

"እማማ፣ ከዚህ የነጣ በከተማው የለም። ወተት አጠገቡ ይጠቁራል።"

"እንግዲያው ላምህን አሳክማት" አልኩት።

ሳቀ። በስልክ የሚስቅ ነጋዴ አልወድም። ዕቃው ሁሉ ወርዷል። ሰማያዊውም የድሮው አይደለም፤ አቧራ የጠጣ ሰማያዊ ነው።

ልጄ ጣሳውን ከፍታ ብዙ አየችው። "ምን ታዪያለሽ?" ብላት "ያው ነጭ ነው እማዬ" አለች። ያው ነጭ የሚባል ነጭ የለም። ይህንን ጡት ስትጥል ጀምሮ ነግሬያታለሁ። ምናልባት ደክሟት ይሆናል፤ ሰሞኑን ከእኔ ቀድማ እየተነሣች ጋራዥ ትገባለች።

ሰኞ ፲፩

ስለ መደቡ፣ ከነበልባሉ ሥር መላ አካሏን ስለሚሸፍነው ቀለም፣ ተነጋገርን። ነበልባል በጥቁር ላይ ያምራል። መዶሻ "እማማ፣ የመጣው እኮ ጥቁር አይደለም፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው" አለ። ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ጥቁር ነው። ጣሳው ላይ የታተመው ግን ሰማያዊ ይላል። ጽሑፉን አምኜ ዝም አልኩ። ለነገሩ በሰማያዊ ላይም ያምራል።

የወጥ ቤቱ አምፖል ዙሪያውን ቀለበት እየሠራ አስቸገረኝ። መዶሻ ቀየረልኝ። አዲሱም ያው ነው። ዛሬ ደህና አምፖል እንኳ ጠፋ?

ማክሰኞ ፲፪

ነጩን በራሴ እጅ አዳንኩት። ቢጫነቱን ለመግደል አንዲት ጠብታ ሰማያዊ ጨመርኩ። አልሞተም። ሌላ ጨመርኩ። ናሙናው ደረቀ፤ አሁንም እንደ አሮጌ ጥርስ ነው። ስጨምር ቆየሁ። ከሰዓት በኋላ ንጹሕ ነጭ ሆኖ ወጣ። ሎሚውንም በዚያው መንገድ አጠራሁት። ፈረምኩ።

አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። ባለፈው ለቀባናት ቀይ ታክሲ የቀመምኩት ቀለም ጣሳው ውስጥ ከተውኩት ከፍ ብሎ አገኘሁት። ቀለም እንደ ሊጥ አይነሣም። ልጄን ስጠይቃት "ቲነር ገብቶበት ይሆናል" አለች፣ ዞራ ብሩሽ እያጠበች። ብሩሹ ንጹሕ ነበር።

ዓርብ ፲፭

ልጄ ሄደች። የልጅ ልጄ መውለጃዋ ደርሷል፤ እናቷ ሳትሆን ማን አጠገቧ ይሁን? ሌላ ከተማ ስለሆነ ጠዋት ተነሥታ ወጣች። ከመሄዷ በፊት መስኮቱ ጋ መጥታ ቆመች።

"እማዬ፣ እኔ እስክመለስ መደቡ ብቻ ይቀባ። እሳቱን አብረን እንሠራዋለን።"

"ነጩ ተፈርሟል" አልኳት።

"አውቃለሁ። ብቻ አትቸኩሉ።"

"ተራቸውስ?"

አንገቴን ስማኝ ወጣች። መዶሻ ሻንጣዋን ይዞ ተከተላት። መስኮቱ ክፍት ስለነበረ በሩ ጋ የተባባሉትን ሰማሁ።

"ንገሪያት በቃ" ይላል እሱ።

"አልችልም። አንተ ንገራት።"

"እኔ? እኔ መዶሻ ነኝ እንጂ ጀግና አልተባልኩም።"

"እንግዲያው አዘግየው።"

ምን እንደማትችል አልገባኝም። ምናልባት ሴት ልጇ የታመመችበት ነገር ይኖርና እኔን ላለማስጨነቅ ይሆናል። ጊዜው ሲደርስ ይነገረኛል።

ሰኞ ፲፰

መደቡ ተቀብቶ ደርቋል። እሳቱን እንጀምር ስለው መዶሻ ኮምፕሬሰሩ ተበላሽቷል አለ። ሄጄ ቁልፉን ጫንኩት፤ እንደ በሬ አገሳ።

"ይገርማል" አለ። "እርስዎን ፈርቶ ነው።"

ከምሳ በኋላ የመርጫው አፍንጫ ተደፈነ አለኝ። በመርፌ ከፈትኩት። ከዚያ ዝናብ ሊመጣ ነው አለ። ጋራዡ ጣሪያ አለው።

"አንተ ምን ነካህ?" አልኩት።

"ምንም እማማ። ልጅቷ እስክትመጣ ብዬ ነው።"

"ልጅቷ ሚስትህ ናት፣ አለቃህ ግን እኔ ነኝ። ሹፌሩ ደውሏል፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰምተኸዋል። ተራው ቢያልፈው አንተ ልትሰጠው ነው?"

አንገቱን ደፋ። ይህን ያህል መቆጣት አልነበረብኝም። ደህና ልጅ ነው፤ እናቱን ከቀበረ ወዲህ እማማ የሚለኝ ከልቡ ነው።

ረቡዕ ፳

ተረጨ። የነበልባሉን ቅርጽ በወረቀት ፕላስተር አውጥተን፣ ከሥሩ ነጩን፣ ቀጥሎ ሎሚውን፣ አስኳሉን፣ ብርቱካኑን፣ ጫፉን ቀይ። መዶሻ እጁ ከልጄ እጅ የከበደ ነው፤ ግን ተጠንቅቆ ሠራ። ጠርዙን በቀጭን ብሩሽ ሰማያዊ መስመር አዞረበት። መስመሩ ለእኔ ብዙም አልታየኝም፤ ደመቅ አድርገው አልኩት፣ ደገመበት።

ፕላስተሩ ሲነሣ ሁለታችንም ቆመን አየን። ንጹሕ ነው። ደስ አለኝ።

እሱ እጁን ረጅም ሰዓት ታጠበ።

ሐሙስ ፳፩

ሴት ልጅ ተወለደች። ሁለቱም ደህና ናቸው። ልጄ በስልክ ከደስታዋ መሀል "እማዬ፣ ነጩ እንዴት ሆነ?" አለች። የልጅ ልጅ ታቅፋ ስለ ነጭ የምትጠይቅ ልጅ ያሳደግኩ እኔ ነኝ። ኮራሁ።

ቅዳሜ ፳፫

ሹፌሩና ሚስቱ መጡ። ሹፌሩ አውቶቡሷን አንድ ጊዜ ዞራት፣ ደገመ። ኮፍያውን አወለቀ፣ አደረገ።

"ቆንጆ ነው እማማ። እጅዎ ይባረክ።"

"የት ላይ ነው ቆንጆ?" አልኩት። ሙያ የሌለው ሰው ቆንጆ ሲል የቱን እንደሚል መጠየቅ ልማዴ ነው።

"እ... ሁሉም።"

ሚስቱ በወዲያኛው ጎን ነበረች። እንደማልሰማ መስሏት ዝቅ አድርጋ ተናገረች፤ እሷ ዝቅ ስታደርግ ሰው ሁሉ ይሰማል።

"ይሄ እሳት ነው? ብርድ ብርድ አለኝ እኮ። ሰው ዓሣ የሚጭን መኪና መስሎት ይሸሸናል።"

"ዝም በይ" አላት።

"ሎሚው ደግሞ ያልበሰለ ነው። አረንጓዴ ነው።"

"ዝም በይ አልኩሽ። ሴትዮዋ አሮጊት ናት። ይሁን፣ እንነዳዋለን።"

ተመልሶ መጣና በሁለት እጁ ጨበጠኝ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ እንወስዳታለን አለ።

የአውቶቡስ ረዳት ስለ ቀለም ምን ታውቃለች? የለመደችው የትኬት ቀለም ነው።

እሑድ ፳፬

ጠዋት ጋራዡ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ነጩ ነጭ ነው።

"ይሁን" ነው ያለው። ቆንጆ ሲለኝ አላመንኩትም፤ "ይሁን" ሲላት ግን አመንኩት። ሌላው የተባለው አላስከፋኝም፤ ይቺ አንዲት ቃል ግን አላስቀመጠችኝም።

መጻፍ አልፈልግም።

ሰኞ ፳፭

ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ተቀጣሪ ወደ ቅመማ ክፍል ሲመጣ አንድ ፈተና ነበር። አንድ ነጭ ይወሰድና ሰማያዊ ጠብታ እየጨመሩበት ብዙ ናሙና ይሠራል፤ በጀርባው ተራ ቁጥር ይጻፋል። ይደባለቅና "ከሞቃቱ ወደ ቀዝቃዛው ደርድር" ይባላል። የሳተ ሰው አይሰደብም፣ ደመወዙም አይቀነስም፤ ወደ ማሸጊያ ክፍል ይዛወራል። ከአለቃችን በኋላ ፈታኟ እኔ ነበርኩ።

ዛሬ ጠዋት ናሙናዎቹን ሠራሁ። ሲደርቁ መዶሻን ጠራሁት፤ እንዲደባልቃቸው አደረግሁ። መጀመሪያ እኔ ደረደርኩ፤ የደረደርኩትን ቁጥር እሱ ጽፎ ያዘ። ከዚያ በተራው እሱ ጀመረ። አንዱን ያነሣል፣ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ያስቀምጣል።

"እኔ ፊት ላይ ምን አለ?"

"ምንም።"

"እኔ የደረደርኩትን ለማስታወስ እየሞከርክ ነው።"

ያነሣውን ወረቀት መልሶ አስቀመጠ።

"እኔን አትይ፤ ወረቀቱን እይ። ስትዋሽ ላሜራህም ይታወቃል፣ ፊትህም ይታወቃል።"

ጀርባዬን ሰጥቼው ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ወረቀት ብቻ ነበር የሚሰማው። ሲጨርስ "እማማ" አለ። ዞርኩና ገለበጥኳቸው። የእሱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በተራው ነው። የእኔን ካጻፍኩት ወረቀት ላይ አነበብኩት። ከመሀሉ ጀምሮ ተተረማምሷል፤ እኔ ንጹሕ ብዬ የመረጥኩት ከመጨረሻዎቹ ቀዝቃዛዎች አንዱ ነው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

ምን እንደጠየቅኩት ያልገባው ለመምሰል አልሞከረም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

"ከቀይዋ ታክሲ ጀምሮ። ምናልባትም ከዚያ በፊት። ልጅቷ ጠዋት ጠዋት እየተነሣች ታስተካክለው ነበር። ከፊርማው በኋላ።"

ከፊርማው በኋላ። ይህንን ሲል ድምፁ እንደሌባ ሆነ።

ይህችን ናሙና የሳተች አሮጊት በፋብሪካው ሕግ ብፈርድባት ማሸጊያ ክፍል ናት።

ማክሰኞ ፳፮

ቀኑን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ቀለሙን ስታስተካክል የሠራችው ስሕተት የለም፤ ስሕተቱ የእኔ ነበር። ያናደደኝ ሌላ ነው። ሌሊት ተነሥተው የጻፈውን ፊደል እንደሚያርሙለት ሕፃን አደረገችኝ። እኔ መስኮቱ ጋ ተቀምጬ ስፈርም፣ በኋላ በር የእኔን ፊርማ ታዋርደው ነበር።

ማታ ሳስበው ደግሞ ንዴቱ ቦታ አጣ። ልጄ ገና ልጅ ሳለች "ይሄ ቀለም ወደ አረንጓዴ አላደላም?" ስትለኝ "ስትፈርሚ ትናገሪያለሽ" እላት ነበር። የፈረመችበት ቀን የለም። አስፈርሜያት አላውቅም።

ልጄ አምሽታ ከመንገድ ገባች። የሕፃኗን ፎቶ አሳየችኝ። ቀይ ነች አለችኝ፤ ይሁን። ከዚያ ጋራዡ ገብታ አውቶቡሷን አየች። ረጅም ጊዜ ቆየች። ስትመለስ ሻሿን አላወለቀችም ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?"

"ከወንበሩ እነሣ ነበር።"

"እሱን ነው የፈራሁት" አለች። "እማዬ፣ ያለዚያ ወንበር አይቼሽ አላውቅም። ጠብታ መጨመር ቀሎኝ ነው።"

መዶሻ ሻይ አፈላ። ስኳሩን ረሳው። ሦስታችንም እንዲያው ጠጣነው።

ረቡዕ ፳፯

ሹፌሩ አውቶቡሷን ሊወስድ መጣ። አይሆንም አልኩት።

"እማማ፣ እኔ እኮ ተስማምቻለሁ። ቆንጆ ነው ብያለሁ።"

"አንተ ጨዋ ነህ። ጨዋነትህን ለተሳፋሪዎችህ አቆየው፤ ቀኑን ሙሉ ያስፈልግሃል። እኔ የመረጥኩት ነጭ ቀዝቃዛ ነው፤ ሚስትህ እውነቷን ነው። ዓይኔ ከድቶኛል። ተፍቆ እንደገና ይሠራል።"

መሬት መሬት አየ። ሚስቱ ግን ቀጥ ብላ አየችኝ፤ ፊቷ ላይ የደነገጠ ነገር ነበር። "ሰምተውኛል እንዴ?"

"መንገድ ማዶ ያለው ዳቦ ቤትም ሰምቶሻል።"

ሳቀች፤ እጄንም ያዘችኝ። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ዞረች። "ተራችን እሑድ ነው እማማ። ቢዘገይስ?"

"ካልደረሰ እንደ ሆነ በመደቡ ብቻ ትወጣለች። እሳት ሳይኖራት መንዳት ይቻላል። የቀዘቀዘ እሳት ይዛ ግን ከዚህ ግቢ አትወጣም።"

ሹፌሩ "ይሁን" አለ። ይሄኛውን "ይሁን" ወደድኩት። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀ፤ ብርጭቆ ወረቀት ጠየቀ። ሚስቱም እጅጌዋን ሰበሰበች። አራቱ ከሁለቱም ጎን እየፋቁ፣ እኔ ውኃ እያቀበልኩ ዋልን።

ሐሙስ ፳፰

ልጄን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት። አልቀመጥም ብላ ተሽኮረመመች። ተቀመጪ አልኳት። እኔ አጠገቧ፣ ጀርባ የሌለው በርጩማ ላይ።

መጠኑን እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትቀምማለች፣ የምታየውን ትነግረኛለች። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ነጩን ከጣሳው እንዳለ አወጣችው። ነጋዴው አልዋሸም ነበር፤ ደውዬ ስለ ላሟ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

"ምን ታዪያለሽ?"

"ነጭ። ግን ባዶ ነጭ ነው። ወረቀት።"

"አንዲት ጠብታ አስኳል ጣዪበት።"

ጣለች፤ አማሰለች። "አሁን ሞቀ። ከእሳት አጠገብ የተቀመጠ ሰሀን ይመስላል።"

ጥሩ አነጋገር ነው፤ እንደዚህ ማየት እንደምትችል አላውቅም ነበር። ጠይቄያት ስለማላውቅ ይሆናል።

ሎሚው ላይ ተጣላን። ለእኔ ደብዛዛ ሆኖ ታየኝ፤ ይጥራ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ ቢጫ ይግባበት አልኩ። አየችው፤ እኔን አየችኝ።

"አይሆንም።"

"ትንሽ ብቻ።"

"አይሆንም እማዬ። አረንጓዴ ይሆናል።"

በሕይወቴ በቀለም ጉዳይ ከአለቃዬ ሌላ አይሆንም ያለኝ ሰው የለም። ጣሳውን አየሁት፤ ለእኔ አሁንም ደብዛዛ ነው። ብሩሹን ለመንጠቅ እጄ ተነሥቶ ነበር። ጭኔ ላይ መለስኩት።

"አንቺ ነሽ የምታዪው" አልኳት።

ናሙናዎቹ ሲደርቁ መስኮቱ ጋ አስቀመጥናቸው። ጀርባቸው ላይ ማን ይፈርም የሚለውን ጥያቄ አላነሣችም፤ እስክሪብቶውን አቀበልኳት። ፊርማዋ ከእኔ ይበልጥ የተዝረከረከ ነው። ስለ ፊርማው ምንም አላልኩም።

ቅዳሜ ፴

አልቋል። ትናንት ተረጨ፣ ዛሬ ጠዋት የላይኛው አንጸባራቂ ቫርኒሽ ተደረገ። ፕላስተሩ ሲነሣ ከእነሱ ጋር ቆምኩ። እኔ ያየሁት ሥሩ ሻይ ሻይ የሚል፣ አካሉ ያረጀ ወርቅ፣ ጫፉ ጡብ የመሰለ ነበልባል ነው። እንደዚያ አይደለም ማለት ነው።

ሚስትየዋ ብዙ ጊዜ ምንም አላለችም። ለእሷ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በኋላ መዳፏን ወደ ላሜራው አስጠግታ፣ ሳትነካ፣ "ያቃጥላል" አለች።

"አትንኪው" አላት ሹፌሩ፤ "ገና አልደረቀም።" ይህን የሚል ሰው ሙያ ገብቶታል።

ሲወጡ የበሩን ምሰሶ ነኩት። ትንሽ ነው። ይቅርታ ሳይጠይቅ ሄደ፤ ደስታው አዘናግቶት ይሆናል። ልጄ ግን ብሩሽ ይዛ ወጣች፤ ምሰሶውን ዳሰሰች፣ ከእሳቱ የተላጠ እንደሌለ አየች። ነገ በተራቸው ይደርሳሉ።

ረቡዕ ፬

ከልጄ ጋር ዓይን ሐኪም ዘንድ የሄድነው በዚያው አውቶቡስ ነው፤ መስመራቸው በዚያ በኩል ያልፋል። ረዳቷ ከፊት ወንበር አስቀመጠችኝ፤ አጠገቤ ቆሞ የነበረውን ሰውዬ "ወደ ኋላ ጠጋ በል፣ የእሳቷ እናት ናት" አለችው። ሰውዬው ነገሩ አልገባውም፣ ጠጋ ግን አለ።

ከውስጥ ሆኖ ነበልባሉ አይታይም። ስለዚህ በየፌርማታው የቆሙትን ሰዎች ፊት ሳይ ሄድኩ። አንዲት ሴት ጃንጥላዋን ልትዘረጋ ጀምራ ሳትዘረጋው ቆመች። ሁለት አዛውንቶች ክርክራቸውን አቋረጡ። አንዱ በጣቱ ከጎማው ጀምሮ እስከ ኋላ ድረስ ለሌላው አሳየው፤ መንገዱን አልሳተም፣ ከሥሩ ነው የጀመረው። ልጄን "ምን እያሉ ነው?" አልኳት። "ዝም ብለው እያዩ ነው" አለች።

ሐኪሙ ለስላሳ እጅ ያለው ሰው ነው። የዓይን ሞራ ነው አለ፣ በሁለቱም። ለቀዶ ጥገና እኩል ደርሰዋል፤ አንድ በአንድ ይሠራል። ቀለም ይመለስ እንደ ሆነ ጠየቅኩት። ብዙ ሰው ይመለስለታል አለ፤ ለእርስዎ ግን ቃል አልገባም፣ ከሞራው ኋላ ያለውን ሲነሣ ነው የማየው አለ። እርጥብ ቀለም እንደማይታመን ያወቀ ሰው ነው፤ ወደድኩት።

"የትኛውን እናስቀድም?" አለኝ። "እርስዎ የሚብስብዎ የትኛው ነው?"

ቀኙ ይመስለኝ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

"ልጄን ይጠይቋት" አልኩት።

"ግራው" አለች ሳታመነታ። "ናሙና ስታይ ሁልጊዜ ቀኝ ዓይኗን ነው ወደ መስኮቱ የምታዞረው።"

ሐኪሙ ወደ እኔ ተመለከተ።

"ግራው ይሁን" አልኩ።